የሲብረን ትንፋሽ

ዊልዱም፣ ጃንዋሪ 17

ወንድሜ ዶውወ! አንተን ነው! ኒውዚላንድ ገብቶ በጎች መሃል መደበቅ የለም፤ ቁጭ በልና አንብብ።

የውሃ ቦያችን በረዶ ሆኖ ጠጠረልህ፣ በረዶው ሰው መቻል ጀመረ! ትናንት የአጭር ርቀት የሽርተቴ ውድድር ተደረገ። ልጄ ሂልትየ ሁሉንም አንድ በአንድ እየጣለች ፍጻሜ ገባች። የገጠመቻት የከተማ ልጅ ናት፣ አሠልጣኝ ያላት። የእኔዋን ያሠለጠንኳት እኔው ነኝ፣ ላሞቼን አልቤ ስጨርስ።

አስጀማሪው ሲብረን ነው፣ በማስጀመር ሥራ ያንተው ተማሪ። ሽጉጡን አነሳ። «ተዘጋጁ!» አለ። ጭጭ! እኔም ልጄም የምናየው ሽጉጡን አይደለም፣ አፉን ነው። በዚያ ብርድ ትንፋሹ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ይጨሳል፤ ሊተኩስ ሲል ግን እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሹን ይይዛል። አንተ አይደለህ ያስተማርከው? እንፋሎቱ ቀጥ አለ፣ ጧ! ሂልትየ ተስፈነጠረች። በላቻት ዶውወ! ስጮህ ድምፄ ተዘጋ፤ የአተር ሾርባዬን ሰው ኮት ላይ ደፋሁት!

ዋንጫው ሳይነሳ አሠልጣኙ ከች አለ።

«ከጥይቱ በፊት ነው የተነሳችው። እንዲህ የሚፈጥን ጆሮ የለም!»

«በጆሮዋ ነው ማን አለህ? የአስጀማሪውን ትንፋሽ በዓይኗ እያየች ነው!»

«ይኸው፣ እናትየዋ አመነች!»

«ምኑን ነው ያመንኩት? ሕጉ እግር ይላል እንጂ ዓይን አይልም! እግሯ ከጥይቱ በፊት ንቅንቅ ካለ ቁረጠው!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሲብረን ግን መሬት መሬት ያያል። «አይተሃል እኮ፣ ተናገር እንጂ!» ስለው፣ «ባውክየ፣ እስቲ ተይኝ» ይለኛል። የገዛ ትንፋሹ እንደሚያሳብቅበት እንዴት ይመን!

ውጤቱ ታገደ። ቅዳሜ የክለቡ ጉባኤ ይወስናል። ካጸደቁላት ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ትሄዳለች፤ ካልሆነ «አጭበርባሪዋ» ተብላ ትቀራለች። ይኸው ከትናንት ጀምሮ መንሸራተቻዋን አልነካችም።

«እማ፣ አንቺንም በፍጻሜ እንዲህ አድርገውሽ ነበር አሉ» አለችኝ። ማን እንዳደረገኝ አልነገርኳትም። ያን ክረምት ሽጉጡ በማን እጅ ነበር? «ለእህቱ አዳላ» እንዳይሉህ ፈርተህ፣ ከጥይቱ ቀድመሻል ብለህ ከውድድሩ አስወጣኸኝ። እኔም ያንተን ትንፋሽ ነበር የማየው። እንዴት አላውቀው? አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አድገን የለ?

በጎችህ ይርቡልህ፣ ጉልበትህንም ይማርልህ። ሚስትህን ሳምልኝ። ቅዳሜ ግን ጉባኤው ወደሚቀመጥበት አዳራሽ ስልክ ደውል፤ ድምፅ ማጉያው ላይ አደርግሃለሁ። ሲብረንም፣ አሠልጣኙም፣ ልጄም እየሰሙ መልስ፦ ትንፋሽ ማየት ስርቆት ነው? የእኔስ እግር ያኔ ከጥይትህ ቀድሞ ነበር? አዎ ወይም አይደለም በል!

እህትህ ባውክየ