ለጦጢት እጅ የሚመጥን ምሰሶ

በቅድሚያ ለቤቱ አንጋፋ ለአባታችን፣ ቀጥሎም እንደ እናት ሆነው ላሳደጉኝ ለእርስዎ ለእትዬ፣ ከዚያም ለክቡር ባለቤትዎ፣ በመጨረሻም ለልጆች በየዕድሜያቸው ቅደም ተከተል የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሃያ ዓመት የምክር ቤት ስብሰባ ሲከፍት የኖረ ሰው ደብዳቤውንም እንደ ጉባኤ ይጀምራል ብለው እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ይሳቁ፤ ሳቅዎ ናፍቆኛል።

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ሲወጡ የሚይዝዎ ጉልበት ተሻለዎት ወይስ እንደነበረ ነው? አባታችንስ ከዐይናቸው ቀዶ ጥገና ወዲህ ጋዜጣቸውን ያለ አንባቢ ያነባሉ? ሬዲዮናቸውን የሚቀንስባቸው እኔ ስለሌለሁ እንደልባቸው እያስጮኹ እንደሚያዳምጡ እገምታለሁ። የባለቤትዎ ሳልስ ለቀቃቸው? ሁላችሁም በያላችሁበት ደህና ሁኑልኝ።

«እኛ ደህና ነን» ብዬ እንዳልቀጥል ብዕሬ አመነታ። ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎቼ እንዲሁ ብዬ ጽፌልዎት ነበር፤ እውነት አልነበረም። እኔ ደክሞኛል። ሐኪሙ መርምሮ በሽታ አላገኘብኝም፤ ድካም ብቻ ነው። የፍሳሽ ማስወገጃው ጉዳይ ለአራተኛ ጊዜ ወደ ምክር ቤቱ መጥቶ ለአራተኛ ጊዜ በቀጠሮ አደረ። አፈ ጉባኤ የሌላውን ንግግር ሲያዳምጥ ይውልና ማታ የራሱን ድምፅ ይረሳዋል። የደበቅሁዎት ነገር ግን ከእኔ ድካም ይበልጣል። ልጅዎ ጦጢት ከሁለት ወር ተኩል በፊት ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰንጥቆ ነበር። አሁን ድናለች። የወደቀችውም በእኔ ጥፋት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት። ጦጢት (እርስዎ ያወጡላትን ቅጽል እዚህም አልተውንላትም) እንደሚያውቁት እኔ ቤት ከገባች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። የምትሠራው በአንድ የሴቶች ስፖርት ማዘውተሪያ በእንግዳ ተቀባይነት ነው። እዚያ ከወለል እስከ ኮርኒስ በቆመ ምሰሶ ላይ የሚሠራ ዳንስ ያስተምራሉ። ስሙን ስሰማ እኔም እንደ እርስዎ ፊቴን አዙሬ ነበር። በኋላ አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ እየጎተተች ወስዳኝ አየሁት። ሁለት ልጅ የወለደች ነርስ፣ አንዲት የባንክ ገንዘብ ያዥ፣ ፀጉሯ የሸበተ የሒሳብ አስተማሪ ተራ በተራ ይወጣሉ፣ በክንዳቸው ተንጠልጥለው ይዞራሉ፣ ሲወርዱ እንደ እንጨት ፈላጭ በላብ ይጠመቃሉ። ማንም ማንንም አያይም፤ ሁሉም የሚያስቡት ላለመውደቅ ነው። አሠልጣኟ ሥራዋን ልትለቅ ስለሆነ በሰኔ መጨረሻ የማሠልጠኛ ፈቃድ ፈተና የምታልፈው ክፍሉን ትረከባለች። ጦጢት ይህን ሥራ አጥብቃ ትፈልገዋለች። ማዘውተሪያው ግን ያለው ሦስት ምሰሶ ለሠላሳ ሴት ነውና ለእሷ የሚደርሳት በሳምንት ሃያ ደቂቃ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቤት ውስጥ መለማመጃ እንድታቆም ፈቃድ ጠየቀችኝ።

ፈቀድሁ። እገዛልሻለሁም አልሁ። ጥፋቴ የጀመረው ከዚህ ነው። ለምን እንደሚገዛ ሰው እንዳያውቅብኝ ፈራሁ። በከተማው ገበያ ፊቴን የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ «አፈ ጉባኤው የዳንስ ብረት ገዛ» የሚለው ወሬ እኔን ቀድሞ ምክር ቤት እንደሚደርስ ገመትሁ። እሷንም ይዤያት አልሄድሁም። ሾፌሬን ጠርቼ በእጄ ጽፌ ሰጠሁት፤ ቃሉን እንዳለ አስታውሰዋለሁ። «ለሳሎን ጌጥ የሚውል፣ ወፈር ያለና የሚያብረቀርቅ፣ ቁመቱ ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ አንድ ምሰሶ።» ሾፌሩ ወረቀቱን አንብቦ፣ ክቡርነትዎ ቤቱ ሊወድቅ ነው እንዴ፣ ብሎ ጠየቀኝ። ዝም ብለህ ሂድ አልሁት።

ብረታ ብረት ነጋዴው የተጠየቀውን ሰጠ፤ በእሱ አልፈርድም። ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው፣ ወርቅማ ቀለም የተቀባ፣ በላዩም ቫርኒሽ የተለቀለቀ ምሰሶ መጣ። በያጁም ሳሎኔ መሐል አቆመው። እኔ ዞር ዞር ብዬ አየሁት፤ በመዳፌ ጨበጥሁት፤ ለእጄ ልክ ነበር። ወፍራም ነገር ጠንካራ ነው፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ጥሩ ነው ብዬ ኮራሁ። ጦጢት እጄን ስማ አመሰገነችኝ። ፊቷ ላይ ያለፈውን ነገር አይቼዋለሁ፤ ደስታ መስሎኝ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ወደቀች። ባለቤቴ ደውላ ከስብሰባ አስወጣችኝ። ሐኪም ቤት ስደርስ ክንዷ በጄሶ ተጠቅልሎ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ምን ሆነሽ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ከጠየቅኋት በኋላ ነው የተናገረችው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጣቶቿ ምሰሶውን ዞረው እንዳልገጠሙላት፣ ቫርኒሹም ላብ ሲነካው እንደ ሳሙና እንደሚያሟልጭ ነገረችኝ። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አልኋት።

«ጋሼ፣ ስጦታ እንዴት ይነቀፋል?» አለችኝ።

እትዬ፣ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ይህን የሰማሁበትን አግዳሚ ወንበር ዛሬም አልረሳውም። እኔ ለሰው ይሉኝታ ብዬ ለምን እንደምገዛ ደበቅሁ፤ እሷ ለእኔ ይሉኝታ ብላ እንደማይሆናት ደበቀች። በአንድ ጣሪያ ሥር የተቀመጡ ሁለት ይሉኝታዎች አንድ አጥንት ሰነጠቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔ ግን ይህንንም ከእርስዎ ደበቅሁ።

«ብረቱን ከቤትህ አውጣ፤ አለዚያ ልጄን መልስልኝ» ያሉት ደብዳቤዎ የደረሰኝ ክንዷ በጄሶ ሳለ ነው። የምሰሶውን ወሬ ማን እንዳደረሰዎት አልጠይቅም። አራት ቀን መሳቢያ ውስጥ አኖርሁት። በአምስተኛው ቀን መደበቅ ሰልችቶኝ ለራሷ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ አጣጥፋ መለሰችልኝ። እማዬ ከጠራችኝ እሄዳለሁ፣ ቃሏን አልጥስም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረች።

«ብቻ ጋሼ፣ ከመሄዴ በፊት በልኬ በሆነው አንድ ጊዜ ልሞክር። ጥፋቱ የእኔ ይሁን የብረቱ ሳላውቅ መሄድ አልፈልግም።»

በማግስቱ ራሴ ይዣት ሄድሁ። የስፖርት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሻጯ አጭር፣ ክንዷ የጠነከረ ሴት ናት። ምሰሶ እንደምንፈልግ ነገርኋት፤ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዞር ስል የፍሳሽ ኮሚቴው ሰብሳቢ ከጎኔ ቆመው የእግር ኳስ ጫማ ይመርጣሉ። በየስብሰባው የሚሞግቱኝ ሰው ናቸው። ጫማውን እንደያዙ ጆሯቸውን ወደ እኔ አቀኑ። «ለጌጥ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የልጅቱን ጄሶ አየሁና ዋጥሁት።

«ለእህቴ ልጅ ነው፤ ትደንስበታለች» አልሁ፤ ድምፄ በመድረክ ላይ እንደሚሆነው ከፍ ብሎ ነበር።

ሰብሳቢው ጫማውን አስቀመጡ። «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ እኔ ደግሞ ለፍሳሽ ቱቦው ናሙና የሚመርጡ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ። ሻጯ ሳቀች፤ ጦጢትም ሳቀች፤ እኔም ከመሳቅ ሌላ መውጫ አልነበረኝም። በማግስቱ የምክር ቤቱ ኮሪደር ሁሉ ሰምቷል። ሁለት ሦስት ቀን ተቀለደብኝ፤ ከዚያ በጀት መጣና ተረሳሁ። ለዚያ ሳቅ ፈርቼ ነው የልጅ አጥንት ያሰበርሁት።

ሻጯ እንግዲህ አስተማረችን፤ እናት ነዎትና እርስዎም ይወቁት። መደርደሪያው ላይ በውፍረት የተለያዩ ሦስት ምሰሶዎች ነበሩ። እኔ በልማዴ እጄን ሰድጄ ወፍራሙን ልጨብጥ ስል «አባባ፣ የሚወጡት እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ የጦጢትን ደህና እጅ ይዛ አስጨበጠቻት። አምስት ሴንቲ ሜትር በሆነው ላይ አውራ ጣቷና ሌሎቹ ጣቶች ተራርቀው ቀሩ። አራት ሴንቲ ሜትር በሆነው ላይ ተደራርበው መዳፏን አጨማደዱት፤ ይህ ቶሎ ክንድ ያደክማል፣ ለጭንም የሚይዝበት ቦታ ያንሰዋል አለች። አራት ተኩሉ ላይ አውራ ጣቷ የመሐል ጣቷን ጫፍ ሊነካ ጥቂት ቀረው። የፈተናው ምሰሶም ይኸው ልክ ነው፤ በአንዱ ተለማምዶ በሌላው መፈተን እጅን ያሳስታል ብላ ለየችው።

የላዩ ነገር ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ብዙ ሰው የሚገዛው በክሮም የተለበጠውን ነው። ሻጯ ግን ርካሽ ጉትቻ ጆሮሽን ያሳክክሽ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ጦጢት አዎ ስትል እኔ ያስታወስሁት እርስዎን ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ጆሮዋ ቆስሎ ጉትቻዋን አውልቀው በመስኮት የወረወሩት ቀን አብሬ ነበርሁ። ያ የሚያሳክከው ማዕድን ከክሮሙ ሥርም ስላለ ቆዳዋን ያቆስለዋል ተባለ። የማይዝገው ብረት ለቆዳዋ ደህና ነው፤ ነገር ግን እጁ ለሚያልበው ሰው ያንሸራትታል። የጦጢት እጅ የአባታችን እጅ ነው፤ ሲጨብጡን መዳፋችንን የሚያረጥቡትን ያውቃሉ። ዱቄት መሳይ ቀለም የተጋገረበት ምሰሶም ነበረ፤ እሱ በደንብ ይይዛል፣ ግን ለጀማሪ ይሆናል እንጂ ፈጥኖ የሚዞርን ሰው ቆዳ ይልጣል አለች። የቀረው ናስ ነው። ናስ ለስለስ ያለ ነው፤ በእጅ ሙቀት እየሞቀ ይይዛል፤ ጉዳቱ በየጊዜው መወልወል መፈለጉ ነው። ጦጢት እወለውለዋለሁ አለች። ስለዚህ አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ፣ ናስ፣ ይህ ነው ልኳ።

የሚገጥመው ሠራተኛ መጥቶ፣ ወርቅማውን ምሰሶ ነቅሎ፣ ኮርኒሱን በጣቱ እያንኳኳ ሳሎኑን ዞረ። ባዶ ድምፅ በሚሰጥበት ቦታ ምሰሶው ቢወጠር ኮርኒሱን ይበሳዋል፤ የሚቆመው ጣሪያውን የተሸከመው ወራጅ ባለበት ብቻ ነው አለ። ወራጁ የተገኘው በትክክል የማነብበት ወንበር አናት ላይ ሆነ። ወንበሬ አሁን ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነው። ባለቤቴ፣ በመጨረሻ ወጥ ቤት ስትገባ አየሁህ ትለኛለች።

ጄሶው ከተፈታና ሐኪሙ ከፈቀደላት በኋላ፣ ያለፈው እሑድ ጠዋት ወጣች። ወፍራሙን ፍራሽ ከሥሩ አነጠፍን። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ሆና ማብቂያ የሌለው ጸሎት ትጸልያለች። እኔ ሳላውቀው ሁለት እጄን ዘርግቼ ከሥሯ ቆሜአለሁ። ጦጢት አንድ ጊዜ ጨበጠች፣ ለቀቀች፣ እንደገና ጨበጠች፤ ከዚያ እግሯን አጣጥፋ ሽቅብ ሄደች። ኮርኒሱ ልትደርስ ሲቀራት ቆማ ወደ ታች አየችኝ።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያውርዱ» አለችኝ።

አወረድሁ። ቀላል አልነበረም። እርስዎ ደብዳቤውን ሲጽፉ እጅዎን ዘርግተው እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ስለዚህ አልተቀየምሁም።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልዎ። ብረቱን አላወጣም። ልጅዎንም አስገድጄ አላስቀርም፤ ቃልዎን እንደማትጥስ ነግራኛለች፣ እኔም አምናታለሁ። ቢጠሯት ሻንጣዋን ተሸክሜ አሳፍራታለሁ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ እሷ እስካሁን እርስዎ ለእኔ ጻፉ፣ እኔም ለእርስዎ ጻፍሁ፤ ሾፌር ጋር ወረቀት እንደላክሁት ሁሉ ባለጉዳይዋ በሌለችበት ልኳን ስንመርጥ ከረምን። ሂጂም ይሁን ቅሪ፣ የሚቀጥለውን ደብዳቤ ለእኔ አይጻፉ፤ ለእሷ ይጻፉላት። ፈተናዋ ሰኔ ሃያ ስምንት ነው፤ ከዚያ በፊት ቢደርሳት መልካም ነው።

ለአባታችን ጉልበታቸውን እስማለሁ። ለባለቤትዎ፣ የቼስ ሰሌዳው አቧራ እንዳይበላው ይበሉልኝ። ለትልቁ ልጅዎ ስለ ሥራ ዕድገቱ እንኳን ደስ ያለህ ይበሉልኝ፤ ለትንሿም የቀለም ሣጥኗን በተመላሽ እልካለሁ። ከሥራዎ ሰዓት ሰርቀው ይህን ሁሉ ስላነበቡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ለቤተሰቡ ጤናን፣ ለጦጢት የሚቀናበትን ቀን፣ ለእርስዎም ለጉልበትዎ ብርታትን እመኛለሁ።

አክባሪ ወንድምዎ

ከሳሎን ከተባረረው ወንበሬ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ
ግንቦት ፳ ቀን