የአማቻችንን እግር ማን አጠበ

ልጄ ማላይ፣ በገላሽ የሚኖሩት ሠላሳ ሁለቱም ነፍሶችሽ በሰው አገር ካንቺ አይለዩ። እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡም አባርቷል። እህትሽ ፔትሳሞን ቅዳሜ ተዳረች። ሙሽራው እየተዘፈነለት ደጃችን ደረሰ። የሙሽሪት ታናሽ እህት እግሩን ሳታጥበው አይገባም፤ ታናሿ ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ። የሙሽራው አክስት፣ «ምነው፣ ልጁ ቆሞ ይዋል እንዴ?» አሉ። የምገባበት ጠፋኝ።

ይሄኔ የሰባ ዓመቷ እህቴ ቡንሚ፣ «እኔስ የእናትየው ታናሽ አይደለሁ?» ብላ ሙሽራው እንዲታጠብበት ከተነጠፈው የሙዝ ቅጠል አጠገብ ተንበረከከች። አጥባ ስትጨርስ መነሳት አቃታት። ሙሽራው በእርጥብ እግሩ ብድግ ሲያደርጋት ሰው በሳቅ ፈነዳ።

አልተቀየምኩሽም፤ አሠሪዎችሽ ፈቃድ እንደከለከሉሽ አውቃለሁ። ብቻ በደንብ ብዪ። እጅሽ ላይ የሚታሰረውን የሠርጉን የምርቃት ክር አስቀምጬልሻለሁ። ለቡንሚ የጉልበት ቅባት ላኪላት። ራስሽ ብታመጪውማ ቶሎ ይሻላታል።

የነካሽው ሁሉ ይባረክልሽ።

እናትሽ