የግራ ሞተሯ ሳል

ውድ አጎቴ፣ አብቲ አዋሌ፣

በሕይወት ካለህ ይድረስህ። ከሌለህም የቲኬት ቢሮው ሽማግሌ አደር ዒሴ ማድረሳቸው አይቀርም፤ የአየር መንገዱ ፖስታ ጠፍቶ አያውቅም ይላሉ።

የምጽፍልህ ከሀርጌሳ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ የግራር ዛፍ ስር በሆዴ ተኝቼ ነው። ቀን እንደበቃለን፣ ሲመሽ እንሄዳለን። ወረቀቱ የአየር መንገዱ ነው፤ አናቱ ላይ ትንሽ አውሮፕላን አለው። አደር ዒሴ የቲኬት ቢሮውን ቆልፈው ሲወጡ ልብስ ወይም ምግብ የያዙ እንዳይመስልህ። የያዙት የፖስታ ከረጢቱን ነው። ክራቫታቸውንም አልፈቱም። ፍየል እንኳ ጥላ ፈልጋ በምትሸሽበት ሙቀት፣ ያችን ሰማያዊ ክራቫት እስከ ጉሮሯቸው አጥብቀው እሾህ መሀል ይቀመጣሉ። በረራ እንደገና ሲጀመር ደብዳቤዬ በመጀመሪያው አውሮፕላን ወዳለህበት ይሄዳል ብለውኛል። ሳያነቡት ከረጢቱን እንደማይዘጉ ስለማውቅ ነው በአማርኛ የጻፍኩት። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ስትሠራ በፉርጎ ጎን ላይ በጠመኔ ያስተማርከኝ ፊደል ዛሬ ጠቀመኝ። ቅድም ወረቀቱን ተቀብለው፣ ገልብጠው ይዘው ብዙ አዩትና ጽሑፍሽ ያምራል አሉኝ።

ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም።

አብቲ፣ ይህን ጆሮ የሰጠኸኝ አንተ ነህ። አውሮፕላን የምትጠግንበት ሀንጋር አጥር ሥር አስቁመህ ዓይኔን በዘይታም እጅህ ትሸፍነኝና ምን መጣ ትለኝ ነበር። ፕሮፔለር ከሩቅ እያንጎራጎረ ነው የሚመጣው፣ እንግዳ ተቀበሉኝ እንደሚል ሰው። ጄት ግን ጩኸቱ ከኋላው ነው፤ እላይሽ ላይ ሆኖ ከሰማሽው ዘግይተሻል ብለኸኛል። ያኔ ለጨዋታ ነበር። አንድ ነገር ብቻ በቁጣ ነገርከኝ፤ በፈለግሽው ቀልጂ፣ በሞተር ድምፅ ግን አትቀልጂ። እኔም ጠበቅሁልህ። የአደር ዒሴ ሻይ ውስጥ ጨው ጨምሬያለሁ። አያቴን፣ ያንተን እናት፣ አየዮ አስሊን ሬዲዮው ላንቺ ባል ይፈለጋል አለ ብዬ አሞኝቻታለሁ። በድምፅ ግን ቀልጄ አላውቅም።

ጦርነቱ ከተማ ሲገባ ጆሮዬ የሰፈሩ ሳይረን ሆነ። ካንተ በኋላ እንዴት እንደከፋ አላየህም። ጄቶቹ የራሳችን መንግሥት ናቸው፣ ከሌላ አገር አይመጡም፤ አንተ በየሳምንቱ ጠጠሩን ታስጠርግለት ከነበረው መንደርደሪያ ይነሳሉ፣ ጎማቸውን ሳይሰበስቡ እላያችን ላይ ናቸው፣ ጥለው እዚያው ይመለሳሉ። ሃያ ስድስት ጁን በሚባለው ሰፈራችን ያሉ ሴቶች ሊጥ እያቦኩ እኔን ያዩ ነበር። ፕሮፔለር ካልኩ ማቡካታቸውን ይቀጥላሉ። ጄት ካልኩ ሊጡም ልጁም ሁሉም ወደ መደበቂያው ጉድጓድ። አየዮ ደግሞ ነጎድጓድ እንኳ እንደማይሰማት ታውቃለህ፤ የምታዳምጠው ፊቴን ነበር። እኔ ፊቴን ካጨማደድኩ ትነሳለች። አንድ ቀን ላስነጥስ ስል ጉድጓድ ገብታ አገኘኋት።

አትሳቅ። ፍርሃቱን ልነግርህ ነው የምሞክረው። ጆሮ እንደ ዓይን አይጨፈንም። የጎረቤት የላምባ ምድጃ ሽሽ ሲል ጄት ነው። ንፋስ የተቀደደ ቆርቆሮ ሲነካ ጄት ነው። ዝንብ ጄት ናት። ሰው ሁሉ ሲተኛ እኔ ጆሮዬን በጨርቅ እጠቀጥቀዋለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ባልሰማስ ብዬ አወጣዋለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጎበዝ ነሽ ስባል የኖርኩ ልጅ፣ አንድ ቀን ተሳስቼ እነዚያን ሴቶች ከነሊጣቸው እንዳልገድላቸው እየፈራሁ ከረምኩ።

አንተ የሄድክበትን ቀን ደግሞ እስካሁን አልተውኩልህም።

ያች ባለ ሁለት ሞተር አሮጌ አውሮፕላን፣ ጠዋት ጠዋት ሳትስል ስለማትነሳ «አስሊ» ብዬ በአየዮ ስም የጠራኋት፣ ያን ሰሞን ቆማ ነበር። ለግራ ሞተሯ የጠየቅከው ዕቃ አልመጣም። አደር ዒሴ ግን ለመጣው ሁሉ የአየር መንገዱን አውሮፕላኖች ከትልቅ እስከ ትንሽ ይቆጥሩና፣ እስከ ዛሬ አንድም መንገደኛ አልጎዳንም ብለው ደረታቸውን ይነፋሉ። ሻንጣስ ብላቸው ሻንጣ መንገደኛ አይደለም ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ የጦሩ መኮንኖች መጡ። ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ወደ ሞቃዲሾ ማውጣት ፈለጉ። አልተጠገነችም ስትላቸው ዛሬ ትጠገናለች አሉህ። ባለህ ነገር ጠጋግነህ አስነሳሃት። እዚህ ላይ ያ የጣቢያችሁ ደንብ መጣ። ሞተር የፈታ መካኒክ በመጀመሪያው በረራ አብሮ ይሳፈራል። ሰው በዚያች አሮጌ አውሮፕላን ደፍሮ የሚሳፈረው ለዚህ ነበር፤ መሰላሉ ሥር ቆሞ አንተን ከውስጥ ካየ በኋላ ነው እግሩን የሚያነሳው።

አየዮን ልውሰድ ብለህ ለመንክ። የመኮንን ቤተሰብ ብቻ አሉህ። ተመልሼ እወስዳችኋለሁ ብለህ ጉልበቷን ሳምክ። እኔ በሩ ላይ ያዝኩህ።

«የምትጭነው የሚደበድቡንን ሰዎች ሚስቶች ነው» አልኩህ። «ለምን ትሄዳለህ?»

«የጠገንኩት እኔ ነኝ» አልከኝ።

በቃ። ይኼ መልስ ነው? ይውደቁ አልኩህ። አልመታኸኝም፤ መፍቻህን ኪስህ ከተህ ሄድክ። ከዚያ ግን ጣሪያው ላይ ወጥቼ አዳመጥኩ። ስትነሱ ቀኙ ሞተር ደህና ነበር። የግራው ሳለ። እንደገና ሳለ። ይውደቁ ያለው አፌ አትውደቂ፣ አትውደቂ ይል ጀመር፤ ያ ረብ፣ ያልኩትን እርሳልኝ፣ አልኩ። ናሳ ሀብሎድ ተራሮችን አለፋችሁና ድምፁ ጠፋ። ርቃችሁ ይሁን ወድቃችሁ፣ ያን ጆሮ አይነግርም። ይህን አላስተማርከኝም።

ሞቃዲሾ ስለመድረሳችሁ የሰማ ሰው አጣን። ስልኩ ተቆርጧል። አየዮ ግን ጓዟን ጠቅልላ እላዩ ላይ ተቀመጠች። አደር ዒሴም ነገሩን አባሱት፤ ቲኬት ቆረጡላት፣ ያውም የመስኮት ወንበር። ከዚያ በኋላ ማን ያንቀሳቅሳት? ሰፈሩ ባዶ እየሆነ ሲሄድ እሷ ቲኬቷን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ በረራ ትጠብቃለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ቤት ተመታ። ውኃ በአህያ ጋሪ የምትሸጠው ዳሀቦ፣ በርሜሉን አውርዳ ልጆቿን ጭና በራችን ላይ ቆመች። ላንድ አሮጊት ቦታ አለኝ፣ ኡባህ በእግሯ ትከተል፣ አሁን ካልሆነ አልጠብቅም አለች። አየዮ ራሷን ነቀነቀች። ልጄ መጥቶ ቤቱን ባዶ ሊያገኘው ነው? አለች። ለመንኳት፣ ጮህኩባት፣ እንደማይሰማት ረስቼ። እጇን ጎተትኩ፤ እንደ ድንጋይ ከበደችኝ። ዳሀቦ የአህያውን ልጓም አነሳች።

አብቲ፣ ያን ጊዜ ያደረግሁትን አደረግሁ። ሁልጊዜ እንደማደርገው ጣቴን አነሳሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የሚሰማው የአህያው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከዚያ አየዮ አፌን እንድታይ ዞሬ፣ ቀስ ብዬ ተናገርኩ።

«ፕሮፔለር ነው። ሁለት ሞተር። የግራው ይስላል። ወደ ድሬዳዋ እየሄደ ነው።»

ዳሀቦ ሰማዩን አየች። ምንም የለም። ቢሯቸውን ቆልፈው እኛ ጋ የተጠጉት አደር ዒሴ ጆሯቸው ከኔ እኩል ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን በረራ ሲያስተናግዱ ኖረዋል። አሁን ያጋልጡኛል ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። ተነሱ። ክራቫታቸውን አስተካከሉ። አየዮ ፊት ቆመው፣ እንደ ቢሯቸው ቀን አፋቸውን በደንብ እየከፈቱ፣ በረራው በጸጥታ ምክንያት አቅጣጫ ቀይሯል፣ መንገደኞች እስከ ድሬዳዋ በየብስ ይጓጓዛሉ፣ ቲኬቱ አይቃጠልም አሏት። አየዮ ደረቷን ዳሰሰች፣ ቲኬቷ መኖሩን አየች፣ ጋሪው ላይ ወጣች። በዚያ ሰውዬ ሻይ ውስጥ ከእንግዲህ ጨው አልጨምርም። ስኳር ካገኘን።

አሁን የምፈራው ሌላ ነው። በሞተር ድምፅ አልቀልድም ያልኩህን ቃል አንዴ አፈረስኩት። ከእኛ ጋር የሚሄዱት ሰዎች ዳሀቦ ነግራቸዋለች መሰለኝ፤ ትናንት ጄት ስል አንዷ ሴት ከመደበቋ በፊት ፊቴን አጥንታ አየችኝ። ጥቂት ነው የዘገየችው። ለጄት ግን ያ ጥቂት ይበቃዋል። ከሁሉ የባሰው ግን የዋሸሁት ለአየዮ ነው። እዚያ ድንበር ማዶ ስንደርስ አዋሌ የት አለ ብትለኝ ምን እላታለሁ?

ቅድም ጎኔ ተኝታ ነበር። ነቃችና ለማን እንደምጽፍ በእጇ ጠየቀችኝ። ስምህን በአፌ ሠራሁላት። ደረቷ ውስጥ ገብታ ያችን ቲኬት አወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ይህንንም ላኪለት» አለች። «እኔም ያን ቀን ሰምቼዋለሁ በዪው።»

ነጎድጓድ የማይሰማት ሴት፣ አብቲ። ፊቴን እያነበበች ከተማ ሙሉ ፍርሃት ያለፈች ሴት፣ ውሸቴን አላነበበችውም ብዬ ነበር። አውቃ ነው ጋሪው ላይ የወጣችው። እኔን ከዚያ ለማውጣት።

ቲኬቱ እዚህ ውስጥ ታጥፏል። የደረስክ እንደሆነ ይዘኸው ወደ ምዕራብ ና፤ በአየርም በእግርም ይሁን፣ አሮጊቷ አውሮፕላን እንድትስል ተዋት፣ እኔ ከሩቅ እለያታለሁ። እስከዚያ አየዮን እኔ እጠብቃታለሁ። ይውደቁ ያልኩህን ይቅር በለኝ፤ ጣሪያው ላይ ያልኩትን ብቻ ያዝልኝ።

ዳሀቦ አህያውን እየጫነች ነው። ፀሐይዋ ልትገባ ነው። አሁን ሰማዩ ጸጥ ብሏል፣ ይህን በእውነት ነው የምነግርህ።

አብሬህ የማዳምጥ፣
ኡባህ