ውስጡ የተላገው ሳጥን

የካቲት 9 ቀን
ከአናጢ ቤቱ፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄና ለአለቃዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ብርዱ እንዴት ያደርግሻል? ያንን ስስ ካፖርት ለብሰሽ እየዞርሽ እንዳይሆን። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ ያልወደደው ሐኪሙ ብቻ ነው። ደን ጠባቂው ረጅሙ ሰላም ብሎሻል። ይህን ጽፌ ስጨርስ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል።

በስልክ መነጋገር እየተቻለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ሞክሬ አቅቶኛል። እሑድ ስትደውዪ ልነግርሽ ጉሮሮዬን ጠርጌ ነበር። አንቺ ግን ቀደም ብለሽ፣ «አባዬ፣ የወፍ ሳጥንህን ልክ በሌላ ተራራ ላሉት ሰዎች ልልክላቸው ነው፤ ሃያ ያሠራሉ» አልሽና ሳቅሽ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ስትስቂ ሰምቼ አላውቅም። ልነግርሽ ያሰብኩትን ትቼ አብሬሽ ሳቅኩ። እንግዲህ ሳቅሽ በማይሰማኝ ቦታ ልንገርሽ፦ በሦስተኛው ሳጥን የነበሩት ሁለቱ የበቀቀን ጫጩቶች አልበረሩም። ሞተዋል። በረሩ ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

ከመሄድሽ በፊት የሰጠሽኝ ወረቀት እስካሁን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በቀቀኖቹ ራሳቸው ጎጆ አይሠሩም፣ ባረጀ ግንድ ውስጥ የተቦረቦረ ቀዳዳ ነው የሚፈልጉት፣ ያረጁት ዝግባዎች ስላለቁ ሳጥን እንሰቅልላቸዋለን ብለሽ ስታስረጂኝ፣ ቀና ብዬ አላየሁሽም ነበር። ዝግባዎቹ የት እንደገቡ ለእኔ ማን ይነግረኛል? ስንቱን በርና ቁም ሳጥን ያደረግኩት እኔ ነኝ። አንቺም የተማርሽው በእሱ ነው። ስለዚህ ስድስቱን ሳጥን ለየትኛውም ደንበኛ ሠርቼ በማላውቀው ልብ ነው የሠራኋቸው። ጥፋቱም የመጣው ከዚያው ነው።

ወረቀትሽ፣ «ውስጡ ሻካራ ይሁን፤ ከታች እስከ ቀዳዳው ድረስ ቁርጥራጭ እንጨት እንደ መሰላል ይመታበት» ይላል። አንብቤዋለሁ። ድካም እንዳይበዛብኝ አዝነሽልኝ መስሎኝ ሳቅኩ። አርባ ዓመት ሙሉ ሠራተኞቼን «የማይታየውንም ላጉ» እያልኩ ኖሬ፣ አሁን ውስጡ ያልተላገ ሳጥን ከእጄ ይውጣ? ላግኩት። በብርጭቆ ወረቀትም አሸሁት። ጉንጬን አስጠግቼ ሞከርኩት፤ ስንጥር የሚባል የለውም። የጫጩት ገላ እንዳይቧጠጥ ብዬ ነው እንግዲህ። መሰላሉንም መልኩን ያበላሸዋል ብዬ ተውኩት።

ወሬኞቹ ሳጥኑን ወደዱት። እኔና ረጅሙ በቀቀኖቹን የምንላቸው እንዲያ ነው፤ ጠዋት ስንቆጥራቸው ጭጋጉ ውስጥ ሳናያቸው ጫጫታቸው ይደርሰናል። ዘንድሮ አርባ ሦስት ናቸው። ይኼኛው ቁጥር እውነት ነው፣ ሦስቴ ቆጥረናል። በሦስተኛው ሳጥን የተፈለፈሉት ሁለት ጫጩቶች አደጉ፣ ላባቸው አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ወላጆቹ ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጠው መጣራት ጀመሩ። አንቺ እንዳልሽው ነው፤ ልጆቹ የሚወጡበት ጊዜ ሲደርስ ምግብ ይቀንሱና ከውጭ ይጠሯቸዋል። ሦስት ቀን ተጣሩ። እኔ ከሥር ቆሜ፣ «እነዚህን ምቾት አስንፏቸዋል» እያልኩ እቀልድ ነበር። በአራተኛው ቀን ጸጥ ሲል ረጅሙ ወጥቶ ከፈተው። መሰላል የሚወጣው አሁን እሱ ነው፤ እኔ ከሥር እይዝለታለሁ።

ሲወርድ ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ግድግዳው ላይ ጭረት አለ» አለኝ።

«የምን ጭረት?»

«የጥፍር ነው። እስከ ግማሽ ድረስ አለ።»

ሳጥኑን አውርደን አየሁት። በላግኩት ጣውላ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች ወደ ላይ ይጀምሩና ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ከዚያ በላይ ምንም የለም፤ ጣውላው ልስልስ ብሎ ያበራል። ልጄ፣ አለቀስኩ። ረጅሙ ጫካውን የሚያይ መስሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ቆይቶ ሊያድነኝ ፈልጎ፣ «አውሬ ገብቶባቸው ነው ብለን እንጻፍ?» አለኝ። አውሬማ ገብቶባቸዋል፤ መላጊያ የያዘ አውሬ።

በማግስቱ ደወልሽ። «ወጡ?» አልሽኝ። «በረሩ» አልኩሽ። አፌ ነው የቀደመኝ። አንዴ ካልኩ በኋላማ ማን ያቁመኝ? በየት በኩል እንደበረሩ ሁሉ ነግሬሻለሁ።

አሁን የሌሎቹን አምስት ሳጥኖች ውስጥ በመሮ እየፋቅኩ አሻከርኩት፤ መሰላሉንም በምስማር መታሁባቸው። ደግነቱ እነሱ ገና ወፍ አልገባባቸውም ነበር። በሦስተኛው ቦታም አዲስ ሠርተን ሰቅለናል። ሲያዩዋቸው ጀማሪ የሠራቸው ይመስላሉ፤ ረጅሙ ስሜን እንዳልጽፍባቸው እየመከረኝ ነው። ትናንት አንዲት በቀቀን አዲሱ ውስጥ ገብታ ወጥታለች። እንቁላል ጥላ እንደሆነ አላየንም፤ ጥላለች ብዬ አልነግርሽም።

የምለምንሽ ይኼን ነው። የዚያን ልስልስ ሳጥን ልክ እንዳትልኪ። ልከሽ ከሆነም ለሰዎቹ ዛሬውኑ ደውዪላቸው፤ መጋዝ ሳያነሡ ይድረሱበት። ለሚመጣው ወር ስብሰባ ያዘጋጀሽውን ጽሑፍም አስተካክዪ። «የበረሩ፦ ሁለት» ያልሽውን ሰርዘሽ «የበረረ የለም» በይ። ምክንያቱን ስትጽፊ «የሳጥኑ ችግር» ብለሽ እንዳታድበሰብሺው። ተነግሮት ያልሰማ አናጢ ነው በይ። ማን ነው ብለው ከጠየቁሽም አባቴ ነው በይ፤ አትፈሪ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ። በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያግኝሽ፣ ሥራሽም ከእኔ ጥፋት የተረፈ ይሁን። እሑድ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ብትቆጪኝ ልክ ነሽ፤ ብትጮኺብኝም እሰማለሁ። ዝም እንዳትዪኝ ብቻ።

አባትሽ