ሸሚዜን የሚቆርጥ ጠፋ

ኢሽፔሚንግ፣ ሚቺጋን
ኖቬምበር 19 ቀን 1998

ለውዷ የልጅ ልጄ ለሄልሚ፣

እንዴት ነሽልኝ? ዓሣ ለማጥናት እስከ ኖርዌይ የሄድሽው የሐይቃችን ዓሦች ምን በድለውሽ ነው ብዬ ልቀልድብሽ ነበር ብዕር ያነሳሁት። ንዴቴ ቀደመኝ።

የአጋዘን አደን እሑድ ተከፈተ። አባትሽ ኬነት፣ የአክስትሽ ባል ዱዌይንና እኔ እንደ ወትሮው ጫካው ቤት ነበርን። ረፋድ ላይ አንድ ትልቅ ባለቀንድ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ርቀቱ ከቤታችን እስከ ሳውና መታጠቢያው ቢሆን ነው። ተኮስኩ፤ ሳትኩት። እሱ እቴ፣ መሮጥ እንኳ አላስፈለገውም። ዘወር ብሎ አየኝና ቀስ ብሎ ሄደ።

የሳተ ሰው ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ። እራት ላይ ይከሰሳል፣ ይዋሻል፣ ይፈረድበታል፤ የሸሚዙ የኋላ ጫፍ በመቀስ ተቆርጦ ከነስሙ ግድግዳው ላይ ይቸነከራል። የአባትሽ አራት አለ። የዱዌይን ቢሰፋ መጋረጃ ይወጣዋል።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ መከላከያዬን ሳዘጋጅ ዋልኩ። ሆባርት ክሌም ትዝ አለኝ። የጠመንጃ መጽሔቱን የመጨረሻ ገጽ የሚጽፈው እሱ ነበር። አያትሽ ኢልማ ጠመንጃ ነክታ አታውቅም፤ መጽሔቱን ግን ከፖስተኛው እጅ ቀድማኝ ትቀበልና ከመጨረሻው ገጽ ትጀምር ነበር። ክሌም አንዴ በሬ የሚያህል ኤልክ የሚባል አጋዘን ስቶ፣ ጥፋቱ የነፋሱ፣ የኤልኩና የካፖርቱን ቁልፍ የተከለችው የአማቱ መሆኑን ገጹን ሙሉ አስረዳ። ሲጨርስ፣ "ጠመንጃው ግን ግሩም ነው፤ ፋብሪካው በነፃ ስለላከልኝ አመሰግናለሁ" አለ። ባድ ስትራውን የሚባል ጸሐፊም ነበር። አዲስ ጠመንጃ ደብቆ ሲገባ ሚስቱ ያዘችው። አሮጌው ነው ቢላት፣ አሮጌውንማ ባለፈው ወር ሸጬዋለሁ አለችው። የዛሬዎቹ ጸሐፊዎች ቁጥር ብቻ ይደረድራሉ፤ የመድኃኒት ማዘዣ ያነበብኩ ይመስለኛል። አንዳቸውም ስተው አያውቁም።

እራት ላይ ተነስቼ ጉሮሮዬን ጠረግኩና ጥፋተኛው አጋዘኑ ነው ብዬ ጀመርኩ። ማንም አልሳቀ። ዱዌይን ሳህኑን ያያል። አባትሽ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ "ምንም አይደል አባዬ፣ ማንም ላይ ይደርሳል" አለኝ።

እሱ ሲስት እንዲህ ብዬው ቢሆን እስከ ዛሬ ያኮርፈኝ ነበር።

"መቀሱን አምጣ" አልኩት።

"ተወው አባዬ፣ ጥሩ ሸሚዝ ነው።"

ሸሚዙ ከአንቺ በዕድሜ ይበልጣል።

"ስቻለሁ እኮ ነው የምልህ።"

"አውቃለሁ። ለከርሞ አንተ ምድጃውን ትጠብቅልናለህ፤ እኛ እንወጣለን።"

ይኸው ነው ፍርዱ። የሚሳቅበት አዳኝ ነው፤ ለምድጃ ጠባቂ ይታዘንለታል። እኔ ደግሞ ከርሞም ጫካ መውጣት እፈልጋለሁ።

አባትሽ ዓይንህን ታይ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ዓይኔ ምንም አልሆነም። መስመሮቹ ከተደራረቡብሽ ጠረጴዛው ስለሚንገዳገድ ነው። ትናንት የክሌምን ገጾች ከሣጥን አውጥቼ ነበር፤ ፊደላቸው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ አንሷል። ከላይ የጻፍኩልሽ በቃሌ ነው፤ ኢልማ ብትኖር ታርመኝ ነበር።

ሸሚዙን አብሬ ልኬዋለሁ። አንቺ ቁረጪው። ስሜን፣ ቀኑንና ርቀቱን ጻፊበትና ለአባትሽ ላኪለት፤ እሱ ይቸንክረው። ለእኔም አንድ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ ውረጅብኝ፣ አንድም የሐዘኔታ ቃል እንዳይገባበት። ፊደሉንም አጎላ አድርጊው።

የባሕሩ ብርድ አይንካሽ። በሄድሽበት ሁሉ የሚስቅብሽ ወዳጅ አያሳጣሽ።

ምንም ያልሆነው አያትሽ፣
አርቪድ