ሐኪሞቹ ልቤን ሳይከፍቱት

እኔ ወይዘሮ መዓዛ ተሰማ፣ በሪያድ ከተማ በመንፉሐ ሰፈር ነዋሪ የሆንኩ፣ ዛሬ ዓርብ ኅዳር ፲፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን የኑዛዜ ቃል እሰጣለሁ። እሑድ ሐኪሞች ልቤን ይከፍቱታል። ሲከፍቱት ባንቴን እዚያ ቁጭ ብሎ እንዳያገኙት ብቻ! ባዩሽ፣ ምን ያስቅሻል? እሱንም ጻፊው።

የአንገት ሐብሌ አገር ቤት ላለችው ልጄ ለዲና ይሁን። እናቴ በስተርጅና አበደች ብላ እንዳታፍር፤ ደስ ብሏታል በሉልኝ። የስፌት መኪናዬ ለጓደኛዬ ለፊርደውስ ይሰጥ። የዑለያ ሰፈር ሀብታሞችን ፎቅ ስትወለውል ወገቧ አለቀ፣ እስቲ ደግሞ ተቀምጣ ትሥራ። ዕዳ የለብኝም፤ ኸላስ፣ አለቀ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብረት በያጁን ባንቴን ላገባው ቃል ሰጥቻለሁ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ! በደህና ከወጣሁ ሠርግ ነው፣ ኢንሻአላህ። ካልወጣሁም ባሌ ተብሎ ይጠራ፣ የቀረው የቤት ዕቃዬ ሁሉ የእሱ ይሁን፣ አስከሬኔንም ከወንድሜ ከሸዋንግዛው ጎን ቆሞ ይሸኝ።

ወንድሜ ግን «የቀጥቃጭ ልጅ ነው፣ ቡዳ ነው» ብሎ ከባንቴ ጋር አንድ ትሪ አይቀርብም። ጉድ እኮ ነው! ዓርብ ዓርብ እዚህ ተሰብስበን ያንን የድሮ ልብ ወለድ ስናነብ ማን ነበር የሚነፋረቀው? ብረት ቀጥቃጩ ርስቱን ተነጥቆ፣ ዳኛው «ያንተ ዘር ቃል አይሰማም» ብሎ ሲያባርረው፣ ሶፍቱን ጨርሶ የእኔን ነጠላ ያረጠበው ሸዋንግዛው አይደለም እንዴ? «ምን ዓይነት ግፍ ነው!» እያለ! ወንድሜን ራሱን ከፊሉ፣ አሠሪው ዐረብ፣ ሳህኑን ለይቶ ጓሮ ሲያበላውም፣ «እኔ ሰው አይደለሁም ወይ?» ብሎ እዚሁ ምንጣፍ ላይ አምርሮ ነግሮናል።

ታዲያ ባንቴስ ሰው አይደለም ወይ፣ ወንድሜ? ወረቀት ላይ ላለው ያለቀስክ፣ ይኸው በሩ ላይ ለቆመው ምነው ጨከንክ? ተናድጄብሃለሁ። እወድሃለሁም።

መጽሐፉን እንዳላወርስህ፣ ሕግ የሚያውቀው ዑስማን «ምስክር አይወርስም» አለኝ። ስለዚህ በቁሜ፣ አሁኑኑ፣ ጭንህ ላይ አስቀምጬልሃለሁ። የዳኛውን ቃል በአንተ ድምፅ ጮክ ብለህ አንብበው፤ ደስ ካለህ እንግዲህ ምን እላለሁ።

አራት ምስክር ካልሞላ ይህ ቃል አይጸናም። አራተኛ ሌላ ሰው እንጥራ ብትሉኝ፣ እምቢ! ወይ ወንድሜ ይፈርማል፣ ወይ ወረቀቱ ይቀደዳል። ያላ፣ ፈርሙ።

የተናዛዥ ፊርማ፦ መዓዛ ተሰማ

ቃሉ ሲነገርና ሲነበብ ሰምተናል፦ ዑስማን፤ ጀሚላ፤ ባዩሽ (ጸሐፊ)

አራተኛው ምስክር፦ ሸዋንግዛው ተሰማ

የጸሐፊዋ ማስታወሻ፦ አቶ ሸዋንግዛው መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ገለጡት፤ የዳኛው ቃል ላይ ሲደርሱ ዘጉት። በኋላ «እስክሪብቶ የለኝም» አሉ። ባንቴ ከበሩ መጥቶ የራሱን ዘረጋላቸው። እጁን አዩት፤ ተቀበሉት፤ ፈረሙ። እስክሪብቶውንም ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ወይዘሮ መዓዛ፣ «ኧረ የባሌን እስክሪብቶ መልስ!» ብለው ጮኹ።

አቶ ሸዋንግዛውም፣ «የአማቼ ነው፤ አንቺን አይመለከትሽም» አሉ።