ፎርም ንስሐ አባት አይደለም

ጽጌዬ፣

ስለ ጤናሽ አልጠይቅም፤ ከሕመሙ አርፈሻል። እኛ ደህና ነን። ልጅሽ ማሕሌት በቁመት ልትደርስብኝ ምንም አልቀራት፤ እኔም አንዳንዴ ወገቤን ያመኛል እንጂ ሌላ ነገር የለብኝም። ከተለየሽን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከዛሬ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። የምነግርሽ መጥፎ ወሬ ነበረኝ፤ አንቺ ደግሞ መጥፎ ወሬ ለብቻው ሲመጣ እንደማትወጂ ስለማውቅ ደጉ እስኪከተለው ጠበቅሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ያው ስካይዌይ ሰፈር ያለው አፓርታማችን ውስጥ ነን። መኪናሽን አልሸጥኩትም፤ ማሕሌት መንዳት ልትማርበት አስባለች፣ እኔም ከአሁኑ ጸሎት ጀምሬያለሁ። የሥራ ጫማሽን ዘይነባ ወሰደችው። ሲታክ ሆቴል አብራሽ አልጋ ስታነጥፍ የነበረችው የወሎዋ ዘይነባ፣ አሁን ባንቺ መንገድ ነርሲንግ ገብታለች። ጫማው በአንድ ቁጥር ይሰፋታል፤ «ሁለት ካልሲ እደርባለሁ እንጂ አልተወውም» ብላ ይዛው ሄደች። እኔ እንደ ድሮው ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ የፓርኪንግ ሚኒባስ እነዳለሁ። ጠዋት መንገደኛውን ከነሻንጣው አደርሳለሁ፣ ከሰዓት ክላስ እገባለሁ። እገባለሁ ስልሽ በቀላሉ አይደለም። መጥፎው ወሬ እዚህ ላይ ነው፤ ኤይዱን፣ የትምህርት ክፍያ ድጋፌን፣ አጥቼው ነበር።

ቆይ፣ አትቆጪ። እንዴት እንዳጣሁት ከመንገሬ በፊት አንቺ እንዴት እንዳገኘሽው ላንሣ፤ ይህን ማስታወስ ደስ ይለኛል።

አርባ አንድ ዓመትሽ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው አልጋ ስታነጥፊ ውለሽ መጥተሽ፣ ጫማሽን እንኳ ሳታወልቂ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልገባ ነው አልሽኝ። እኔ ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። አንቺ ግን በሳምንቱ የኤይዱን ፎርም ሞልተሽ ጨረስሽ። ከዚያ ቢሮው ጠራሽ። አንድ ቤት እንኖራለን ያልነው ሦስት ሰዎች የቤተሰብ ስማችን ለየቅል ሆኖባቸው፣ እነዚህ ምንና ምን ናቸው ብለው ነው። እኔ ብሆን ተናድጄ ወረቀቱን ጥዬላቸው እወጣ ነበር። አንቺ ከቢሮው ሴትዮ ፊት ቁጭ ብለሽ፣ እስክሪብቶ ተውሰሽ፣ ያንቺን አባት፣ የእኔን አባት፣ ከሁላችንም ሥር ማሕሌትን በክብ በክብ ሣልሽላት። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም እንደማትጥል፣ ልጅም ስትወለድ የአባቷን ስም እንደምትይዝ አስረዳሻት። ሴትዮዋ ሲገባት እኔም የአባቴን ስም ባልጣልኩት ኖሮ አለችሽ። ያንን ሥዕል መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣ፣ የእኛ ሰው በመጣ ቁጥር እያወጣች ታየው እንደነበር ኋላ ሰማን።

ከዚያ በኋላ ያለውን አራት ዓመት እንዴት እንደዘለቅሽው አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ኤይድ ማግኘቱ ሳይሆን ማቆየቱ ነው ሥራው ትዪ ነበር። ሺፍትሽ ከመጀመሩ በፊት የሆቴሉ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናሽ ውስጥ ተቀምጠሽ ታጠኚ ነበር። ኬሚስትሪ ባንገዳገደሽ ጊዜ እንኳ ክላሱን ዝም ብለሽ አልጣልሽውም። መጀመሪያ አማካሪሽ ዘንድ ሄደሽ፣ ይህን ባቋርጥ ድጋፌ ምን ይሆናል ብለሽ ጠየቅሽ፤ መልሱን ስትሰሚ ወገብሽን ታጥቀሽ ቀጠልሽና አለፍሽው። የነርስነት ባጅሽን አንገትሽ ላይ አጥልቀሽ ሥራ የጀመርሽ ዕለት ሬንተን ያደረስኩሽ እኔ ነኝ። መሪውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ሚኒስትር እንደጫነ ሰው ቀስ ብዬ ነዳሁ። አንቺ ረፈደብኝ እያልሽ ትቆጫለሽ።

ያወቅሽውንም ለብቻሽ አልያዝሽውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ትቀመጫለሽ፤ ታክሲ ነጂው፣ ሞግዚቷ፣ በዲቪ ትናንት የገባው ሁሉ ላፕቶፑን ታቅፎ ይመጣል። ለማንም አትሞዪም፤ የራስህ እጅ ይልመድ ትያለሽ። ሰው ደግሞ የእኛ ሰው ነው፤ የቤተሰብህ ብዛት ስንት ነው ሲባል አገር ቤት ካለችው አክስቱ ጀምሮ ኑሮውን መተረክ ይጀምራል። ያኔ ነው ያቺን አባባልሽን የምታመጪው፤ «ፎርም ንስሐ አባት አይደለም፤ የጠየቀህን ብቻ መልስ።» ስንቱ በዚያች አባባል ተመርቋል።

የእኔን ፎርም ግን ራስሽ ሞላሽልኝ። የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ጥገና እንድማር ስታስመዘግቢኝ፣ እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ እጅሽ ይባረክ ከማለት ሌላ የሠራሁት ነገር የለም። የሚቀጥለውን ዓመት ፎርም ደግሞ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነሽ ሞላሽው፤ መርፌው ያልተሰካበትን እጅሽን ብቻ እየተጠቀምሽ። ስትጨርሺ እጄን ያዝሽና «እንዳታቋርጥ» አልሽኝ። እኔም አላቋርጥም አልኩሽ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የማውቅልሽ አንድ ጥፋት ይህ ነው፤ አገሩ ሁሉ በቅዳሜሽ ሲማር ሳይማር የቀረው የገዛ ባልሽ ነበር።

የካቲት ላይ ስታርፊ የሦስት ወሩ ትምህርት፣ ኳርተሩ፣ ገና መሃሉ ላይ ነበር። እኔ ኀዘን ተቀመጥኩ። ሰው ከሬንተን መጣ፣ ከሲታክ መጣ፣ ስሙን ከማላውቀው ሰፈር መጣ። ለማን ደወልኩ? ለማንም። እኛ ዘንድ ኀዘንተኛ እየዞረ አይናገርም፤ ሰው ሰምቶ ይመጣል። ኮሌጁም የሰማ መሰለኝ። አሁን ሲያስቡት ያስቃል፤ ግን ሦስቱ አስተማሪዎቼ ሰምተው ለቅሶ ሳይደርሱኝ የቀሩ መስሎኝ ቅር ብሎኝም ነበር። ዝም አይነቅዝም ብዬ፣ አርባሽ እስኪወጣ ለማንም አንድ መስመር ሳልጽፍ፣ ክላሱንም በወጉ ሳልሰርዝ ቀረሁ። ስመለስ በሦስቱም ወድቄያለሁ። ሽበታሙ የቦይለር አስተማሪዬ ነገሩን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ለምን አልነገርከኝም አለኝ። ውጤቱ ግን አንዴ ገብቷል። ዝምታ እዚህ አገር ይነቅዛል፣ ጽጌዬ።

ኤይዱ ቆመ። ከያዘው ክላስ አብዛኛውን ያላለፈ ሰው ድጋፉ ይቋረጣል፤ እንዲመለስለት ከፈለገ ምን እንደገጠመው ጽፎ ይግባኝ ማለት አለበት። ጻፍኩ። ለሽማግሌ እንደሚጽፍ ሰው አድርጌ ጻፍኩ። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፣ ሰበብ አላበዛም፣ ከእንግዲህ አይለመደኝም፣ ይቅርታችሁን እለምናለሁ አልኩ። ስላንቺ አንድ ቃል አላነሣሁም። ያደግነው እንደዚያ አይደል? ጥፋቱን ያመነ ይታረቃል፤ ሰበብ የሚደረድር ነው ሽማግሌ የሚያስቆጣው። መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ። ምክንያትም ማስረጃም ስላላቀረብክ አልተፈቀደልህም ይላል።

ያኔ ተውኩት። ያለ ኤይድ መቀጠል እንደማልችል ታውቂያለሽ። ተጨማሪ ሺፍት ወሰድኩ፣ መጻሕፍቱን አልጋ ሥር ከተትኳቸው። ለአንቺ የገባሁት ቃል ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደርጋለሁ። ለማሕሌትም ምንም አልነገርኳት። ልጅሽ ግን ያንቺ ልጅ ናት። ደብዳቤዬን ላፕቶፑ ላይ አግኝታ አነበበችው። «ዳድ፣ ዩ ዲድንት ኢቭን ሴይ ማም ዳይድ» አለችኝ፤ መሞትሽን እንኳ አለመጻፌ አስቆጥቷት ክፍሏ ገባች። ከዚያ ለዘይነባ ኮል አደረገች።

ዘይነባ በማግሥቱ ከነሥራ ልብሷ መጣች። ደብዳቤዬን ስታነብ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ጋሽ ታዴ፣ ይሄ እኮ ኑዛዜ ነው። ፎርም ንስሐ አባት አይደለም፤ የጠየቀህን ብቻ መልስ» አለችኝ። ንስሐ አባት ኖሯት የማታውቀው ዘይነባ፣ ያንቺን ቃል ባንቺው ቁጣ። «ለምን ቀረህ ነው ያሉህ። ጽጌ ስለሞተች ነው። ሶ እሱን ጻፍና ወረቀቱን አያይዝ፣ ኦኬ?»

ወረቀቱ ያለችው የሞት ምስክር ወረቀትሽን ነው። ከቀብርሽ ሳምንት ጀምሮ ከነፖስታው መኪናሽ የፊት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ቤት አላስገባሁትም፤ አልከፈትኩትምም። እሱን አያይዤ ብልክ በሞትሽ የምለምን መሰለኝ። ይህንን ለዘይነባ ስነግራት ተቆጣች። «ጽጌ በሰው ፎርም ስትጨነቅ አይደል የኖረችው? አንዴ ደግሞ ላንተ ፎርም ማስረጃ ብትሆን ምን አለበት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ጋሽ ታዴ» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ፖስታውን ይዤ ያንቺ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ጥጉ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ያነባል። ኮፒ ማሽኑ ጋ ቆሜ ፖስታውን ከፈትኩት። የፈራሁት ሞትሽን ብቻ የሚያወራ ወረቀት ነበር። ጽጌዬ፣ ወረቀቱ ላይ ሕይወትሽም አለ። ሥራ በሚለው ቦታ ነርስ ይላል። ትምህርት በሚለው ቦታ ኮሌጅ ያጠናቀቀች ይላል። የአባትሽም የእናትሽም ስም አለ። የትዳር ጓደኛ በሚለው ፊት ለፊት የእኔ ስም እስከ አባቴ ተጽፏል። ለካ የቀብር አስፈጻሚው ሲጠይቀኝ አንድ በአንድ የመለስኩለት እኔው ነኝ፤ ምኑንም አላስታውሰውም። በዚያ ሰዓት እንኳ ነርስ ናት ማለቱን አልረሳሁም። ማሽኑን ተደግፌ አለቀስኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ማሽኑ እምቢ ያለኝ መስሏት መጥታ ወረቀት ሞላችበት።

ሁለተኛው ደብዳቤዬ ግማሽ ገጽ አልሞላም። ባለቤቴ ሞተች። ኀዘን ተቀምጬ ነበር። ለአስተማሪዎቼ ራሴ ማሳወቅ እንዳለብኝ አላወቅሁም። አሁን የሥራ ሰዓቴን ከክላሱ ጋር አስማምቻለሁ። ምስክር ወረቀቷ ተያይዟል። ይኸው ነው። አማካሪዬ ዘንድም ሄጄ በየኳርተሩ የምወስደውን ክላስ አስፈረምኩ። ፈቀዱልኝ፤ ግን የያዝኩትን ክላስ በሙሉ እንዳልፍ ነው። የክረምቱን ኳርተር አለፍኩ፣ የጸደዩንም አለፍኩ፣ አንድም ክላስ ሳይቀር። ውጤቱ የመጣ ዕለት ማሕሌት ስልኬን ነጥቃ ካየችው በኋላ፣ አንቺ እንደምታደርጊው ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። አንድ ዓመት ቢቀረኝ ነው። ደጉ ወሬ ይህ ነው።

ከተመለስኩ ወዲህ የተማርኩት አንቺ ሆስፒታል ሆነሽ በሞላሽልኝ ፎርም ነው። እሱ ዘንድሮ አለቀ። የሚመጣውን ዓመት ፎርም ትናንት ራሴ ሞላሁት፤ ዘይነባ አጠገቤ ተቀምጣ አንዲት ፊደል አልነካችልኝም። የትዳር ሁኔታ የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከፎርሙ ጋር ልከራከር አማረኝ፤ ያንቺ ባል እንደሆንኩ፣ ስንት ዓመት አብረን እንደኖርን ልተርክለት። ግን የጠየቀኝን ብቻ መለስኩ፤ ሚስቱ የሞተችበት። ያልጠየቀኝን ይኸው ለአንቺ ጻፍኩት።

ጥጉን ጠረጴዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይነባ ይዛዋለች። እኔም አጠገቧ መቀመጥ ጀምሬያለሁ። ብዙ አላውቅም፤ ሰው ሲሞትባችሁ ለአስተማሪያችሁ ቶሎ ጻፉ የምትለዋን ብቻ ነው የማውቃት። እሷን ግን ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም።

ፖስታሽን ቤት አስገብቼዋለሁ፤ ከዲግሪሽ አጠገብ ተቀምጧል። አልረሳሽም ብዬ መሐላ አላበዛም። ግትር ስሆንብሽ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትዪኝ ነበር። ወረቀቱ ነርስ መሆንሽንና ሚስቴ መሆንሽን ይዟል። ሞኙም እንደያዘሽ ነው።

ባልሽ ታደሰ